የጠፋብሽ ጧትሽ ነው

እህቴ፣ ከሒሳብ ሥራሽ ከተቀነስሽ ሰባት ወር እንደሆነሽ ጽፈሽልኛል። «ተነሳሽነቴ ሞቷል፣ እንዴት ልመልሰው?» ትያለሽ። ሲቪሽ ሁለት ገጽ መሆኑም አሳስቦሻል። ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ የተገኘልሽን የስድስት ወር ኮንትራት «ኃላፊ የነበረች ልጅ ተመልሳ ደረሰኝ መዝጋቢ አትሆንም» ብሎ ከልክሎሻል።

ሁለት ገጽ ምንም አይደለም፤ እሱን እንለፈው።

እኔን ያስቆመችኝ መሐል ላይ ጣል ያደረግሻት ነገር ናት፦ ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አርባ ማመልከቻ ትልኪያለሽ፣ ከዚያ እስከ ቀትር ትተኛለሽ። ሰነፍ ሰው አርባ ማመልከቻ አይልክም። ቀንሽ ነው የፈረሰው።

ኦስትሪያ ውስጥ ማሪየንታል የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ1930 ገደማ የጨርቅ ፋብሪካዋ ሲዘጋ ነዋሪው ከሞላ ጎደል ሥራ ፈታ። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ማሪ ያሆዳና ባልደረቦቿ ኑሮውን ሊያጠኑ ገቡ። ጊዜ የተትረፈረፈለት ሰው ያነባል ትያለሽ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ የሚወጣው መጽሐፍ ግን፣ የመዋሻ ክፍያው ተነሥቶም እንኳ፣ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ወንዶቹ መንገድ ላይ በየጥቂቱ እየቆሙ ይጎተቱ ነበር። ቀኑን በምን እንዳዋሉት ሲጠየቁ ከመነሣት፣ ከመብላትና ከመተኛት ሌላ የሚናገሩት ብዙ አልነበራቸውም። የቤት ጣጣ የማይለቃቸው ሴቶች ግን እንደነሱ አልተጎተቱም።

ስለዚህ ተነሳሽነቱን ተዪው (የእኔ ሰኞ ጧት መጥቶልኝ አያውቅም)። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ለብሰሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጪ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ተነሺ። በቀን ሦስት ማመልከቻ ይበቃል፤ ግን ለየብቻው የተጻፈ። ማስታወቂያው «የወር ሒሳብ በወቅቱ መዝጋት» ካለ፣ የደብዳቤሽ የመጀመሪያ መስመር አንቺ ስትመሪው ሒሳቡ በስንት ቀን ይዘጋ እንደነበር ይናገር። ደብተር ያዢ፦ የተላከበት ቀን፣ ድርጅቱ፣ መልሰሽ የምትጠይቂበት ቀን። የመልሱን ብዛት አትቁጠሪ፤ እሱ በእጅሽ የለም። ማታ አልጋ ላይ ሆኖ ማስታወቂያ ማገላበጥ ቀርቷል።

በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ከተጠፋፋሽው የቀድሞ ባልደረባ ጋር አውሪ። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት አብዛኞቹን የጠቆማቸው አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። የቅርብ ጓደኞችሽ የሚያውቁትን አንቺም ታውቂዋለሽ።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ኪራይሽን ይከፍላል፣ ይመስገን። ነገር ግን «ከደረጃሽ አትውረጂ» ሲል የሚጠብቀው ያንቺን ክብር አይመስለኝም፤ ዘመድ «እህትህ ምን ትሠራለች?» ሲለው የሚመልሰውን ነው። ደረሰኝ መዝገብሽ ማለት የሚጠብቅሽ ጠረጴዛ፣ ስምሽን የሚጠራ አለቃ፣ በራስሽ እጅ የሚገባ ደመወዝ አገኘሽ ማለት ነው። እኔ ከ11 ወር ሥራ ፈትነት በኋላ ወደዚህ ሙያ የገባሁት የወሊድ ፈቃድ የወጣች ሴት ተክቼ ለአራት ወር ፋይል ስደረድር ነው። ስለዚያ ፋይል ማንም እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም።

ኮንትራቱን ውሰጂው፤ ያን ጊዜ ፍለጋው ከሥራ መልስ ወደ አንድ ሰዓት ይወርዳል። ከመፈረምሽ በፊት ግን ለቃለ መጠይቅ መውጣት ይፈቀድልሽ እንደሆነ ጠይቂ፤ ውሉን ለማቋረጥ የስንት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚፈልጉም በጽሑፍ አስሰፍሪ።