መኖው የት ገባ? የጓሮ ዶሮ አርቢዎች ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሲገባ አይጡም ደረቅ ቦታ ፍለጋ ወደ ዶሮ ቤት ተጠግቷል። የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ ከሞላ ጎደል ስለዚሁ ናቸው።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት 10 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሏቸው። 50 ኪሎ መኖ በወር ያልቅብኛል፣ ዶሮዎቼ ሆዳም ሆኑ ወይ? ይላሉ።

መልስ፦ ዶሮዎቹን አይጠርጥሩ። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን የምትበላው ከ110 እስከ 120 ግራም ነው። 50 ኪሎው ከ40 ቀን በላይ መቆየት ነበረበት። አንድ አይጠ መጎጥ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይበላል፤ አራት አምስት ሆነው የአንዲት ዶሮ ድርሻ ይጨርሳሉ። የጎደለውን ሁሉ ግን አይጥ አልበላውም። ዶሮ ስትበላ በምንቃሯ እየጠረገች ብዙ ትደፋለች፤ የተደፋው ሌሊት አይጥ ይጠራል። ስለዚህ የመመገቢያው ከንፈር ከዶሮዋ ጀርባ እኩል እንዲሆን ከፍ አድርገው ይስቀሉት። ከግማሽ በላይ አይሙሉት። ማታ ዶሮዎቹ ቆጥ ሲወጡ አንስተው ይክደኑት። ዶሮ በጨለማ አትበላም፤ መመገቢያው ላይ ያደረ መኖ የአይጥ ነው።

ጥያቄ፦ መኖውን በቀለም ባልዲ ባስቀምጥስ?

መልስ፦ ፕላስቲክ ነው፣ ይቦረቡረዋል። ክዳኑ ጥብቅ የሚል የብረት በርሜል ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ድመት ባመጣ ይሻላል?

መልስ፦ ጫጩት ከሌለዎት ያምጡ። መኖው ተከፍቶ እያደረ ግን ድመት ብቻዋን አትችለውም።

ጥያቄ፦ ዙሪያውን በዶሮ ሽቦ አጥሬያለሁ፣ አሁንም ይገባል።

መልስ፦ የዶሮ ሽቦ ቀዳዳው ሰፊ ነው። ትንሿ የቤት አይጥ እርሳስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ታልፋለች። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ያስፈልጋል። ወለሉ አፈር ከሆነ ሽቦውን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ይቅበሩት፤ ከቻሉ ሊሾ ያስደርጉት። የበሩን ግርጌ ደግሞ ቆርቆሮ ይምቱበት።

ጥያቄ፦ አንድ አባት ጎረቤታቸው የነቀዝ ክኒን አይጥ ጉድጓድ ውስጥ እንዲከቱ መክሯቸዋል። ዶሮ ቤቱ ከልጆቹ መኝታ ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነው።

መልስ፦ አደራዎን፣ እንዳያደርጉት! ይህ ክኒን እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ጉድጓዱ ውስጥ አይቀርም። በወለል ስርና በግድግዳ ስንጥቅ አልፎ የተኛ ልጅ ጋ ይደርሳል። ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ክኒኑ የተሠራው ሰው ለማያድርበት የእህል መጋዘን ነው፤ እዚያም ቢሆን የሰለጠነ ሰው ይፈልጋል።

ከትተውት ከሆነ ይህን ማንበብ ያቁሙና ቤተሰቡን ይዘው ይውጡ። ውሃ አያፍስሱበት፣ በእጅዎ አይልቀሙት። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ወተት አጠጣለሁ ብለውም ጊዜ አያጥፉ። በቀጥታ ሆስፒታል ይሂዱና ምን እንደተጠቀሙ ለሐኪሙ ይንገሩ። ምልክት ባይታይም ልጆቹ ይታዩ።

ጥቁር ግራጫው የአይጥ ዱቄት፣ ዚንክ ፎስፋይድ፣ ከዚህ አይሻልም። ያንኑ ጋዝ የሚለቀው የበላው ፍጡር ሆድ ውስጥ ነው። ዶሮ ወለል ላይ ያገኘችውን ሁሉ ትለቅማለችና አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሆናል። ደምን እንዳይረጋ እያደረገ ቀስ ብሎ የሚገድለው መርዝም አለ። የበላው አይጥ ቀናት ቆይቶ ይሞታል፤ እሱን የበላች ድመትም ልትሞት ትችላለች። ዶሮም የሞተ አይጥ ካገኘች አትምረውም።

ወጥመድ ይበቃዎታል። በግድግዳው ጥግ ያድርጉት፤ አይጥ የሚሄደው ግድግዳ እየታከከ ነው። ዶሮ እንዳትነካው በእንጨት ሣጥን ይሸፍኑት፤ ለአይጡ ብቻ መግቢያ ይተዉለት። ማጥመጃው ላይ ትንሽ የኦቾሎኒ ቅቤ ይቀቡ። መኖው ከተነሳ አይጡ ሌላ የሚበላው ስለሌለ ወደዚያ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የአይጥ ቆሻሻ ያገኘሁበትን መኖ ነፍቼ ብሰጣቸውስ?

መልስ፦ አይሆንም። ሽንቱ በወንፊት አይለይም፤ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያም ከመኖው ወደ ዶሮዋ፣ ከዶሮዋ ወደ እንቁላሉ ይተላለፋል። ውድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ይድፉት። የሚያስቀምጣት ዶሮ ካለች ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ።

ጥያቄ፦ እንቁላሌንም አይጥ ይወስዳል እንዴ?

መልስ፦ አዎ፣ ይወስዳል። ሳይጨልም ይሰብስቡ።