መልስ፦ አንዱ የመዘገበው ለሌላው ለምን አይታይም?

አብሽር ወንድሜ፣ መረጃው አልጠፋም። ኮምቦልቻ ባለው ሱቃችሁ ሁለት ሠራተኞች በአንድ ኮምፒውተር በየራሳቸው አካውንት ይገባሉ፣ ጠዋት የተመዘገበው ሽያጭ ከሰዓት ለሚገባው አይታይም ብለሃል። ጥፋቱ የሠራተኞቹ አይደለም። የሽያጭ መመዝገቢያችሁን የመሰሉ የቆዩ ባለ 32 ቢት (የድሮው ዓይነት) ፕሮግራሞች መዝገባቸውን ፕሮግራም ፋይልስ (ፕሮግራሞች የሚጫኑበት ፎልደር) ውስጥ መጻፍ ይፈልጋሉ፤ ተራ አካውንት ግን እዚያ መጻፍ አይፈቀድለትም። ዊንዶውስ ታዲያ ምንም ሳይናገር ጽሑፉን ቨርቹዋልስቶር ወደሚባለው፣ ለየአካውንቱ ለብቻው ወዳለው ፎልደር ያዞረዋል። ስለዚህ አሁን ሁለት የተለያየ መዝገብ አላችሁ።

መጀመሪያ ሁለቱንም ፍላሽ ላይ ገልብጥ፦ ሲ ድራይቭ፣ ዩዘርስ፣ የአካውንቱ ስም፣ አፕዳታ፣ ሎካል፣ ቨርቹዋልስቶር። አፕዳታ የተደበቀ ነው፤ ቪው ላይ ሂድን አይተምስን ምረጥ። ከዚያ በአድሚን (ሙሉ ፈቃድ ባለው አካውንት) ገብተህ የፕሮግራሙን ፎልደር ብቻ (ፕሮግራም ፋይልስን በሙሉ እንዳትነካ!) ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ ኤዲት፣ ዩዘርስ፣ ሞዲፋይ። ፉል ኮንትሮል አያስፈልግም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «አልሠራም» ይላል። ቨርቹዋልስቶር ውስጥ ቅጂ እስካለ ድረስ ፕሮግራሙ የሚያነበው እሱን ነው፤ በሁለቱም አካውንት የቨርቹዋልስቶርን ፎልደር ስም ቀይር። ይበልጥ የተሟላውን መዝገብ ወደ ዋናው ፎልደር መልስ፣ የቀረውን በእጅ አስገባ።

ለሁሉም አድሚን መስጠት ቀላል ይመስላል፤ እባክህ አታድርገው። የደንበኛ ፍላሽ በሚሰካበት ማሽን አንድ ቫይረስ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል።