አባባ ስንት ዓመታቸው ነበር? ቀልዳቸውስ ይነበብ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። አያታችን ያረፉት ዓምና 2017 ላይ ነው፤ ሙት ዓመታቸው ደርሷል። ደብረ ብርሃን አካባቢ የኖሩ ገበሬ ነበሩ። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈሽ አንብቢ ተባልኩና ሁለት ነገር አጨቃጨቀን። አንደኛው ዕድሜያቸው ነው። ቤተሰቡ 105 ነው ይላል፣ እሳቸው ግን «ጣልያን ሲወጣ ጥጃ ጠባቂ ነበርኩ» ነበር የሚሉት። ሁለተኛው ቀልዳቸው ነው። አባባ የማይጠይቁት፣ የማይለኩት ነገር አልነበረም። አንዴ ከጎረቤታቸው ጋር «ለእኛ ቤት የሚቀርበው ቤተ ክርስቲያኑ ነው ጠላ ቤቱ?» ብለው ተከራከሩና መጫኛ እየዘረጉ መንገዱን ሲለኩ ዋሉ፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ከኋላ እየተከተለ። ጠላ ቤቱ ቀረበ። «እኔ ምን ላድርግ፣ አርቀው የሠሩት እነሱ!» አሉ። አጎቴ ይሄ ቄሶች ፊት አይነበብም፣ ነውር ነው ይላሉ። የመጫኛውን ጫፍ ይዘው የነበሩት ግን ራሳቸው ናቸው! ምን ትመክሩኛላችሁ?
የልጅ ልጅ ነኝ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ከዕድሜው እንጀምር፣ እሱ ይቀላል። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ የአባባ ዘመን ሰው መታወቂያ ላይ ያለው ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ግምት ነው። ግምቱ ደግሞ ሰውየው ባረጀ ቁጥር ወደ ላይ ይሸሻል፣ መቶ ያልሞላ ሽማግሌ መሞት የተከለከለ ይመስል። እስቲ 105 ይሁን እንበል። የተወለዱት 1912 ነው ማለት ነው፣ የማይጨው ጦርነት በ1928 ሲሆን 16 ሞልቷቸዋል። ክተት ታውጆ የሸዋ ጎረምሳ ቢያንስ ስንቅ ተሸክሞ ይከተል ነበር፤ ቢቀር እንኳ ለምን እንደቀረ ዕድሜ ልኩን ሲያወራው ይኖራል። እሳቸው ያወሩት ስለ ጥጃ ነው። ጃንሆይ ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከፍ ካለ ከብት ይሰጠዋል። እንግዲህ 1926 ወይም 27። ዘጠና ዓመት አለፋቸው ማለት ነው፣ እሱስ መች አነሰ?

እርግጠኛ ለመሆን ከእኩዮቻቸው የቀረ ሰው ካለ፣ በተለይ ሴት አዛውንት፣ ቶሎ ብለሽ ጠይቂ። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበያቸው፣ ግራ ይገባቸዋል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ አባባ አግብተው ነበር? ስንት ልጅ ነበራቸው? በያቸው። ያ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። የካቲት 1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅስ የትኛው ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር? ሁለት ሦስት መልስ ከገጠመልሽ በቂ ነው።

ወደ ቀልዱ ስንመጣ እኔ ከአንቺ ጋር ነኝ። በየለቅሶው የሚነበበውን ታውቂዋለሽ፦ «ደግ፣ ታታሪ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ።» ስሙን ብትቀይሪው ለጎረቤትም ይሆናል። የጠላ ቤቱን መንገድ በመጫኛ የለኩ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። አለቃ ገብረ ሃናን ተመልከቺ። የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፣ የተክሌ አቋቋም ሲነሳ ስማቸው አብሮ ይነሳል፤ አብዛኛው ሰው ግን የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። ደግሞ የአለቃን ቀልድ ከቄሶች አሳምሮ የሚያወራ ሰው እኔ አላጋጠመኝም! ለቄሶቹ አትስጊ።

አጎትሽም ቢሆኑ ግን ዝም ብለው አይደለም፣ ነገሩ ቦታ ይፈልጋል። ፍትሐት እየተደረገ፣ መቃብሩ ላይ አይሆንም። ጸሎቱ አልቆ፣ ሰው በልቶ፣ ጠላው ሲዞር ነው ጊዜው። ያኔም አንቺ ከወረቀት አታንብቢው። «አጎቴ፣ መጫኛው ስንቴ ተዘረጋ?» ብለሽ ጣል አድርጊና ዝም በይ። ጫፉን ይዞ የዋለ ሰው ሌላው አሳስቶ ሲያወራ መስማት አይችልም፣ ራሳቸው ይጀምሩታል። ስልክሽን ቀደም ብለሽ መቅጃው ላይ አድርጊው፣ ጎረቤቶቹም የየራሳቸውን መጨመራቸው አይቀርም።

ሐውልት የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ 105 የሚለውን ተዉትና «በ1926 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ» አስብሉት። «ገደማ» የምትለዋን ቀራጩ እንዳይዘላት ቆመሽ አስጽፊ።