የጣና ዳር የደንገል ረግረግ ይታረሳል ወይ?

ከባሕር ዳር ዙሪያ አንድ አርሶ አደር እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ከማሳዬ በታች እስከ ሐይቁ ድረስ ደንገልና ፊላ የበቀለበት ረግረግ አለ። ቦይ ቀድጄ ውኃውን ባጠነፍፈው በበጋ በቆሎና ሽንኩርት ይሆነኛል? ሣሩስ ለከብት ደግ ነው?»

መልሱ በረግረጉ ዓይነት ይወሰናል፤ ውኃ የሚተኛበት መሬት ሁሉ አንድ አይደለምና። በፎገራና በደምቢያ ሜዳ በክረምት እንደ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ያሉ ወንዞች ሞልተው ደለል ይጥላሉ፤ ውኃው ሲሸሽ ገበሬው በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፣ ዛሬ ደግሞ ሩዝ በሰፊው ይመረታል። ከዳገት ግርጌ ምንጭ የሚያርሰው ጨፌ ሌላ ነው፤ እሱ ከደረቀ የታችኛው ምንጭም ይሳሳል። የእርስዎ ግን ከሐይቁ ጋር የተያያዘ የደንገል ረግረግ ስለሆነ፣ ቦይ እንዳይቀዱበት አጥብቄ እመክራለሁ።

የደንገል ሥር እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ምንጣፍ ስለሚነጠፍ፣ ከማሳ የሚወርደው ጎርፍ እዚያ ሲደርስ ይረጋና አፈሩን ያራግፋል። ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ለማይበልጠው ጣና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታጥቦ የሚሄደውን ማዳበሪያም ደንገሉና ፊላው ይመገቡታል፤ እነሱ ከሌሉ ግን ሐይቁ ውስጥ ገብቶ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ የታየውን እምቦጭ የተባለ የውኃ አረም ያፋፋል። ቀረሶ የተባለው ዓሣ የሚራባው ዕፅዋት ባለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው፤ አምባዛ የተባለው ዓሣም በክረምት ዕንቁላሉን ለመጣል ጎርፍ ወደሸፈነው ዳርቻ ይወጣል። ስለዚህ ረግረጉን ማረስ የዓሣ አጥማጁን ጎረቤትዎን መረብ ጭምር ይነካል።

የአፈሩ ጥቁረት እንደሚያማልል አውቃለሁ፤ የመሬት ጥበቱንም አልዘነጋሁም። ነገር ግን ያ ጥቁረት የመጣው ውኃው አየር ስለከለከለው ሳይበሰብስ ከተከማቸ ቅጠልና ሥር ነው። ውኃው ሲጠነፈፍ አየር ገብቶ ብስባሹን በፍጥነት ይጨርሰዋል፣ መሬቱም ይሰምጣል፣ ይሰነጣጠቃል። የመጀመሪያው ዓመት ምርት የሚያስደስተው የብዙ ዘመን ጥሪት ስለሚበላ ነው።

በዚህ ፈንታ ደንገሉን እንዳለ ትተው፣ ከእሱ በላይ በሣር የተሸፈነውን መሬት ለአጭዶ መመገብ ያውሉት፤ በማሳዎ ግርጌ ደሾ ወይም የዝሆን ሣር በመስመር ይትከሉ። ውኃው በራሱ ጊዜ የሚሸሽለት የማሳዎ ጠርዝ ለሽምብራ ይበቃል፤ እዚያ ፀረ ተባይ አይርጩ። ለታንኳ ወይም ለሽያጭ ደንገል ሲቆርጡ በየተራ፣ ከውኃው ከፍ አድርገው ይቁረጡ እንጂ ሥሩን አይንቀሉ፣ አያቃጥሉም። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ሆኖ ስለተመዘገበ፣ የዳርቻውን ወሰን ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ።

ሣሩ ለከብት ይሆናል፣ ግን ከብቱን ረግረጉ ውስጥ አያሰማሩ። የጉበት ትል ዕጭ በረግረግ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ከውኃው ዳር ሣር ላይ ይጣበቃል፤ የተያዘ በግ ይከሳል፣ ከመንጋጋው ሥርም ያብጣል። ሣሩን ከውኃው በላይ አጭደው፣ በፀሐይ በደንብ አድርቀው ይስጡ፤ መድኃኒቱን ደግሞ በእንስሳው ክብደት ልክ፣ ክረምቱ ሲወጣና በበጋ፣ ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ያስሰጡ።