«ልጄን ከኳስ ላስቁማት?» ላልሽው እናት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ማታ አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የ13 ዓመት ልጅሽ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በታዳጊ ፕሮጀክት ኳስ ትጫወታለች። ባለፈው ወር የቡድን ጓደኛዋ የጉልበት ጅማቷ ተበጠሰ። አንቺም «ላስቁማት ወይስ የጉልበት ማሰሪያ ልግዛላት?» ብለሻል።

አታስቁሚያት። ለማሰሪያውም ብርሽን አታውጪ። ጤነኛ ጉልበት ላይ የሚጠለቀው የላስቲክ ማሰሪያ ጅማት ከመበጠስ አያድንም።

እኔ የተጎዳሁት በ17 ዓመቴ ነው። ለቴስታ ዘልዬ ስወርድ። ማንም አልነካኝም። በአንድ እግሬ አረፍኩ፣ ጉልበቴ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሳይመሽ አበጠ። ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ፤ አሸኝ፣ ጎተተኝ። እብጠቱ በሁለት ወር ሲጠፋ ድኛለሁ ብዬ ሜዳ ተመለስኩ። ኳስ ይዤ ስዞር ጉልበቴ ከዳኝ። ያኔ ደግሞ በአጥንቶቹ መሀል እንደ ትራስ ያለው ልስልስ ክፍል ተቀደደ። ጨዋታዬ እዚያ ላይ አበቃ። ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። «ማንም አልነካኝም» ያልኩትን ልብ በይልኝ ብዬ ነው።

ይሄ ጅማት፣ በሕክምናው አጠራር ኤሲኤል፣ በጉልበት ውስጥ የጭንን አጥንት ከቅልጥም ጋር ያያይዛል። ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና እንዳይጠመዘዝ ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው በግጭት አይደለም። ዘሎ ሲወረድ፣ ሩጫ ላይ ድንገት ሲቆም፣ አቅጣጫ ሲቀየር ነው። በእግር ኳስና በቅርጫት ኳስ ሴቶች ላይ ከወንዶች ቢያንስ በእጥፍ ይበዛል። አደጋው የሚጨምረው ልክ በልጅሽ ዕድሜ ነው። ልጅቷ በአንድ ዓመት ትመዘዛለች፣ ክብደቷ ይጨምራል፣ ሰውነቷን የሚቆጣጠረው ጡንቻና ነርቭ ግን ገና አልደረሰባትም።

ደስ የሚለው ነገር፣ ይሄ ቁጥጥር በትምህርት ይመጣል። ስዊድን ውስጥ ከ12 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ከ4,500 በላይ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሯል። ግማሾቹ ቡድኖች በሳምንት ሁለቴ፣ 15 ደቂቃ ያህል፣ ከልምምድ በፊት ይህን ቁጥጥር የሚያስተምር እንቅስቃሴ ሠሩ። የኤሲኤል ጉዳት ከሌሎቹ አንጻር በ64 በመቶ ቀነሰ። ፊፋም ከ2006 ጀምሮ «11 ፕላስ» የሚባል ማሟሟቂያ አለው። 20 ደቂቃ ይፈጃል። የሚያስፈልገው ኳስና ሜዳ ብቻ ነው።

አሁን ልጆች ሳሠለጥን ብዙ ጊዜ የምሰጠው አወራረድ ላይ ነው። ቤትሽም ልታዪው ትችያለሽ። ልጅሽን ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ አቁሚያት። ዘላ በሁለት እግሯ ትረፍ። አንቺ ከፊት ለፊቷ ሆነሽ ጉልበቷን ብቻ እዪ። ስታርፍ ጉልበቶቿ ሊሳሳሙ ከደረሱ፣ ሥራ አለባት ማለት ነው። ጉልበቷ ከእግር ጣቶቿ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ዳሌዋን ወደ ኋላ ሰደድ አድርጋ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ በእግሯ የፊት ክፍል ትረፍ። ቀጥ ብላ እንደ እንጨት አትረፍ።

ለልጆቹ ስለ ጡንቻ አልሰብክም። «ስታርፉ ድምፃችሁን እንዳልሰማ፣ እንደ ድመት» እላቸዋለሁ። የእኛ ሜዳ ደረቅ ጠጠር ነው፤ «ጧ» ካለ ከሩቅ ይሰማል። በሁለት እግር ሲለምዱ በአንድ እግር። ከዚያ ሩጫ ላይ እያሉ በፉጨት ቁሙ እላለሁ፤ በአንድ ትልቅ እርምጃ ሳይሆን በሦስት አጫጭር እርምጃ። ከዚያ ጓደኛዋ በትከሻዋ ገፋ እያደረገቻት ትዘላለች። ጨዋታ ላይ የሚገጥማት ይሄው ነውና። ልጆቹ የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ መዝለል ይወዳሉ። ለጅማሬ ጥሩ ነው፣ ግን የሚጫወቱት ጠጠር ላይ ስለሆነ እዚያም መማር አለባቸው።

የቀረው አጭር ነው። በአንድ እግር ቆሞ ኳስ መቀባበል። ፕላንክ፣ ማለትም በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት። ስኳት፣ ማለትም ቁጢጥ ብሎ መነሳት። የጭን ጀርባን ለማጠንከር ደግሞ ተንበርክኮ፣ ጓደኛ ቁርጭምጭሚት ይዛ፣ ሰውነትን ቀስ አድርጎ ወደ ፊት ማውረድ። የጭን ጀርባ ጡንቻ ቅልጥሙን ወደ ኋላ ስለሚይዝ ለዚህ ጅማት ዋና አጋዥ ነው።

አንድ የማዝንበት ነገር አለ። ብዙ አሠልጣኝ ለአንድ ወር ያሠራና ውድድር ሲቃረብ ይተወዋል። «ሙቀቱ ሳይበረታ ኳስ እንንካ» ይላል። የድሬን ፀሐይ አውቃለሁ፣ እረዳዋለሁ። ግን ጥቅሙ ያለው በማያቋርጡት ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ፣ ቢያንስ በሳምንት ሁለቴ። ዙሪያ ሜዳ መሮጡን ትቶ በዚያው ሰዓት ይህን ማሠራት ይችላል።

አያድርገውና ጉልበቷ «ቋ» ብሎ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ የዚያን ቀን ጨዋታ አበቃ። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ አድርጊላት፣ እግሯን ከፍ አድርጊ፣ የአጥንት ሐኪም ጋ ውሰጃት። እባክሽ ማንም እንዳይጎትታት። እብጠት መጉደሉ ጅማቱ ለመዳኑ ማስረጃ አይደለም። ቀዶ ሕክምና ያደረገችም ቢያንስ ዘጠኝ ወር ሳይሞላት፣ ጉልበቷም ሳይፈተሽ ወደ ውድድር መመለስ የለባትም። የጓደኛዋን እናት ካገኘሻት ይህን ንገሪልኝ።

አሠልጣኙን በደንብ አናግሪው፤ ሁለት ሦስት ወላጅ ሆናችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ፈቃደኛ ከሆነ እኔም መጥቼ አብሬው አሠራለሁ። ከሥራ የምወጣው 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ሳቢያን ለመድረስ በባጃጅ ብዙ አይፈጅብኝም።