አባትሽ ከዋርድ ከመውጣታቸው በፊት

ጥያቄው ይሄ ነበር፦ «አባቴን ስትሮክ መቶት ግራ ጎኑ አይታዘዝም። በአፍንጫው የምግብ ቱቦ አለ፣ የሽንት ቱቦም አለው። ሐሙስ ይወጣል ተብለናል። ቤት ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነን፤ ወንድሜ አሜሪካ ነው። ነርስ እንቅጠር ወይስ እኛው እንወጣዋለን? ዊልቸርስ እንግዛ ወይ?»

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ነርስ ነኝ። መንግሥት ሆስፒታል ሜዲካል ዋርድ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየሄድኩ ነው የምሠራው። መልሴ ሁለቱም ነው። ነርስ ያስፈልጋችኋል፤ ግን መጥታ ሥራዋን ጨርሳ ትሄዳለች። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አባትሽን የምታገላብጪው አንቺ ነሽ። ስለዚህ እስከ ሐሙስ ያለው ጊዜ እንዳያመልጥሽ።

እኛ አገር አስታማሚ የዋርዱ ግማሽ ሠራተኛ ነው። ካርድ ያወጣል፣ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ ይሮጣል፣ መድኃኒት ከግቢው ሲጠፋ ተክለሃይማኖት ድረስ ወርዶ ይፈልጋል። ያበላል፣ ያጥባል፣ ማታ ካርቶን አንጥፎ አልጋው ስር ይተኛል። ራውንድ (ሐኪሞች በሽተኛውን ሁሉ እየዞሩ የሚያዩበት ሰዓት) ሲደርስ ግን «ቤተሰብ ውጡ» ይባላል። ቱቦ ሲቀየር ውጡ፣ ቁስል ሲታጠብ ውጡ። ነገ ቤት ውስጥ ይሄን ሁሉ የሚሠራው ሰው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያልፈው። በነርሷም አትፍረጂ። ማታ ተረኛ ስትሆን የስንቱን ሰው መርፌ፣ ግሉኮስና ጩኸት ብቻዋን እንደምትይዝ አይተሻል። ጓንት ያለቀበት ቀንም አለ። ማስተማር ሳትፈልግ ቀርታ አይደለም፤ ትንፋሽ የላትም።

መላው ቀላል ነው። ራውንድ አልቆ ጋብ ሲል ሄደሽ «ሲስተር፣ ቤት የማስታምመው እኔ ነኝ፤ እኔ ልሥራውና አንቺ እይኝ» በያት። «አሳዪኝ» ብቻ ካልሽ አየሽ ማለት ነው፣ ቻልሽ ማለት አይደለም። በራስሽ እጅ አንዴ ብታበዪ፣ አንዴ ብታገላብጪ፣ የሽንቱን ከረጢት አንዴ ብትደፊ፣ ስህተትሽን እዚያው ታርምልሻለች። እናትሽም አብረው ይሥሩ።

ስለ ምግብ ቱቦው ጠንከር ብዬ ልናገር፤ ቤት ውስጥ ብዙ ጉዳት የማየው እዚህ ላይ ነው። ከማብላትሽ በፊት አፍንጫቸው ጋ ቱቦው ላይ ያለውን ምልክት እዪ። ምልክት ከሌለው ሆስፒታል እያላችሁ ይደረግበት። ምልክቱ ወደ ውጭ ከወጣ ምንም አትስጪ፣ መልሰሽም አትግፊው፤ ነርስ ጥሪ። ቦታው ላይ ካለ ከወገብ በላይ በትራስ ቀና አድርጊያቸው። መጀመሪያ 30 ሚሊ ያህል ንጹህ ውሃ፣ ከዚያ በወንፊት የጠለለ ለብ ያለ አጥሚት ወይም ሾርባ። ትልቁን ሲሪንጅ መግፊያውን አውጥተሽ ከፍ አድርገሽ ያዢው፣ በራሱ ይውረድ። በግድ አትግፊ። በመጨረሻ ደግሞ ውሃ፣ አለበለዚያ አጥሚቱ ይረጋና ቱቦው ይደፈናል። ከበሉ በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ጋደም እንዳይሉ። ኪኒን ሁሉ አይፈጭም፤ የትኛው እንደሚፈጭ ፋርማሲስቱን ጠይቂ። በአፍ ባይበሉም አፋቸውን በየቀኑ አጽጂላቸው።

አሁን ደግሞ ጠያቂ ይመጣል። ብርቱካን ይዞ፣ ጁስ ይዞ። «ምነው ከስቶ የለ፣ ትንሽ ቅመስ!» ብሎ ወደ አፍ። በስትሮክ መዋጥ ለተቸገረ ሰው እንደ ጉርሻ የሚያስፈራኝ ነገር የለም። ትን ያለው ምግብ ሳንባ ይገባና በቀናት ውስጥ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ በሽተኛ ደግሞ ሳያስለው ነው ወደ ሳንባ የሚገባበት፤ ስለዚህ «አላሳለውም እኮ» ማረጋገጫ አይሆንም። መዋጣቸው በባለሙያ ሳይፈተሽ ውሃም ቢሆን በአፍ እንዳይሰጥ። አክስት ትቆጣ፣ ትኩረፍ። እኔ የምሄድበት አንድ ቤት ልጅየው አልጋው ራስጌ ላይ «በአፍ ምንም አይሰጥም» ብላ በትልቁ ጽፋ ለጥፋለች። እንግዳ አንብቦ ጁሱን ራሱ ይጠጣዋል።

ጸበልም ይመጣል። ከዘመድ ጋር አትጣዪ። ማስረጨት ወይም መቀባት ይቻላል፣ በአፍ ማጠጣቱ ግን ይቆይ። መድኃኒት አቁሙ የሚል ካለ፣ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ለኤችአይቪ ሕመምተኞች መድኃኒቱንና ጸበሉን አብራችሁ ውሰዱ ማለታቸውን አስታውሺው። የግፊት መድኃኒት «ግፊቱ ወርዷል» ተብሎ አይቆምም። የወረደው እኮ ስለወሰዱት ነው።

መገላበጥ፦ በየ2 ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም። አንድ አሮጌ ጋቢ አራት እጥፍ አጥፈሽ ከትከሻቸው እስከ ዳሌያቸው ድረስ ከስራቸው አንጥፊ። አንቺ በአንድ ወገን፣ እናትሽ በሌላው ሆናችሁ የጋቢውን ጠርዝ ወደ ሰውነታቸው ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ጉልበታችሁን ሰበር አድርጋችሁ በአንድ ድምፅ ከፍ፣ ከዚያ ዞር። አትጎትቱ፤ መጎተት ቆዳ ይልጣል። ብብታቸው ስር ገብቶ ወይም ግራ እጃቸውን ይዞ ማንሳት ፈጽሞ አይሆንም። የደከመ ትከሻ ጡንቻው ስለላላ ከቦታው ሊወልቅ ይችላል። በጎን ሲተኙ ከጀርባቸው ትራስ፣ በጉልበታቸው መሃልም ትራስ። በጀርባ ሲተኙ ትራሱን ባታቸው ስር አድርጊ፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ።

ባገላበጥሽ ቁጥር መቀመጫው አጥንት፣ ዳሌና ተረከዝ ላይ ቆዳውን እዪ። ቀልቶ ወይም ጠቆር ብሎ ካገኘሽው በጣትሽ ጫን አድርጊና ልቀቂ። መልኩ ካልተለወጠ ቤድሶር (የመተኛት ቁስል) ጀምሯል፤ በዚያ ጎን አታስተኚያቸው፣ ለነርሷም ንገሪ። ቦታውን አትሺው፣ አልኮልም ቅቤም አታድርጊበት። ፍራሹ እንዳይበላሽ ብለው ላስቲክ በቀጥታ ከሰውነት ስር የሚያነጥፉ አሉ፤ ያልባል፣ ያቆስላል። አቅም ካለ የአየር ፍራሽ ይረዳል፣ ግን እሱ ላይ የተኛም ሰው ይገላበጣል። ሻጩ ይሄን አይነግርሽም።

የሽንት ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ መሬት ግን አይንካ። ሲያገላብጡ ሆዳቸው ላይ የሚያስቀምጡት አሉ፤ ሽንቱ ተመልሶ ይገባል፣ ኢንፌክሽን ነው።

የመውጫ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። እዚያው እያለሽ መድኃኒቶቹን በአማርኛ አስጽፊ፣ ከሰዓቱ ጋር። «በ8 ሰዓት» ያለሽ ሐኪም የጠዋቱን 2 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ «በእኛ አቆጣጠር ነው?» በዪው። የሽንት ቱቦው የገባበትን ቀን፣ የሚቀየርበትን ቀን፣ የምግብ ቱቦው እስከ መቼ እንደሚቆይና የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮም ይጻፍ።

ነርሷን ለምን እንቅጠራት ካልሽ፦ ቱቦ ለመቀየር፣ ቁስል ለማጠብ፣ መርፌ ካለ፣ ግፊት ለመከታተል። የሙያ ፈቃዷን ጠይቂ፣ አትፈሪ፤ ደህና ነርስ አትቀየምም። ደላላ «ነርስ ናት» ብሎ ያመጣት ልጅ ጎበዝ አስታማሚ ልትሆን ትችላለች፣ ቱቦ ግን አታስነኪያት።

ወንድምሽ በየቀኑ በቪዲዮ ደውሎ «ለምን እንዲህ አላደረጋችሁም» ማለቱ አይቀርም። አሜሪካ ያለ ወንድም ሁሉ ሐኪም ነው። ነርሷን እሱ ይክፈል፣ በስልክም በቀጥታ ያናግራት። አንቺን ያሳርፍሻል።

እናትሽን ከመገላበጡ ውጭ ሌሊት አታስነሺያቸው። ወገባቸው ከታመመ ሁለት በሽተኛ ነው የሚኖርሽ። ድሮ ፒያሳም ካዛንቺስም ጎረቤት ተራ ገብቶ ያስታምም ነበር። አሁን ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየአቅጣጫው ተበትኗል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ የፎቁን ሰው እንኳ አታውቂም። ቢሆንም «ምን እንርዳሽ» የሚል አይጠፋም። «ደህና ነን» አትበዪ። «ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት አባቴ ጋ ተቀመጪልኝ፣ ልተኛ» በዪ። እንዲህ በግልጽ የተጠየቀ ሰው ይመጣል።

ትኩሳት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ አዲስ ድክመት፣ መንቀጥቀጥ፣ ከወትሮው በላይ መፍዘዝ፣ ሽንት መቆም፦ ይሄ ለነገ አይባልም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የእሳትና ድንገተኛ 939። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ በደረጃው የሚያወርዱ ሁለት ጎረምሶች ስልክ ከአሁኑ ያዢ።

ዊልቸር እንግዛ ወይ ያልሽውን ለጊዜው ተዪው። ፊዚዮቴራፒስቱ ይያቸውና መቀመጥ ሲችሉ በልካቸው ይገዛል።