የሱፐርቫይዘር ሥራ በጫኝ ደመወዝ

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የጥቅል ማከፋፈያ ዌርሃውስ በሌሊት ሺፍት ፓርት ታይም እሠራለሁ። ስምንት ወር ሆነኝ። በሳምንት አምስት ሌሊት፣ በጠቅላላ 24 ሰዓት፣ በሰዓት 18 ዶላር። የዩኒየን አባል ነኝ። ሱፐርቫይዘራችን ከለቀቀ አሥር ሳምንት ሆኖታል። ማናጀሩ ‹እስከዚያው አንተ ያዝልኝ› ስላለኝ ሰው በየትሬለሩ የምመድበው፣ በሬዲዮ ከሾፌሮች ጋር የምነጋገረው፣ ስካነሮቹን ቆጥሬ የማስረክበው እኔ ነኝ። ክሎክ ኢን ከማድረጌ 20 ደቂቃ ቀድሜ ለስብሰባ እገባለሁ። ክሎክ አውት ካደረግኩ በኋላ ደግሞ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሌሊቱን ሪፖርት በዋትስአፕ እልካለሁ፤ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ቦታውን ስጠኝ ስለው ‹ሕጋችን አንድ ዓመት ይላል› አለኝ። ቀን ሺፍት ላይ ግን በአምስት ወሩ ሱፐርቫይዘር የሆነ ልጅ አለ። ሌላ ቀን ደግሞ ‹አክሰንትህ ሾፌሮቹን ያስቸግራቸዋል› አለኝ። ቦታው ቢሰጠኝ በቀን አምስት ሰዓት ተኩል ሠርቼ በሳምንት 620 ዶላር ነው፤ ደመወዝ ስለሆነ ክሎክ የለም ተብያለሁ። ጓደኞቼ ‹ከዩኒየን ወጥተህ እኛን ልትቀጣ ነው?› ይሉኛል። ባለቤቴ ከአምስት ወር በኋላ ትወልዳለች። ዕድገቱን በሕግ ማስፈጠን እችላለሁ? የሠራሁበትስ ነገር?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ የማይወዱትን አስቀድሜ ልንገርዎና እንገላገል። «ስምንት ወር በደንብ ሠርቻለሁ፣ ሥራውንም እየሠራሁት ነውና ሱፐርቫይዘር አድርጉኝ» ብሎ አሠሪን የሚያስገድድ ሕግ በሜሪላንድም ሆነ በፌዴራል ደረጃ የለም። ዕድገት የአሠሪው ፈቃድ ነው። ማናጀሩ «ያዝልኝ» ማለቱም የዕድገት ቃል አይደለም። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ደመወዝ ትሾማለህ» ብሎ በጽሑፍ ካልሰጠዎ በስተቀር በዚህ አፍ ብቻ በተባለ ነገር ፍርድ ቤት ሄጄ ቦታ አስመልስልዎታለሁ ብል እየዋሸሁዎት ነው።

ነገር ግን «ሕጋችን አንድ ዓመት ይላል» የተባሉትም ሕግ አይደለም። የድርጅቱ የውስጥ መመሪያ ነው፤ ያወጣው ራሱ ስለሆነ ሲፈልግ ያነሳዋል። ለቀን ሺፍቱ ልጅ በአምስት ወሩ አንስቶታል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ለእሱ የተነሳው ለእርስዎ ያልተነሳበት ምክንያት ሕግ የሚከለክለው ሲሆን ነው። የአክሰንቱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛ ክፍል 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ በዘር፣ በቀለም፣ በትውልድ አገር፣ በሃይማኖትና በጾታ ምክንያት ዕድገት እንዳይከለክል ያዝዛል። አክሰንት ከትውልድ አገር ጋር ተያይዞ ይታያል። አሠሪው አክሰንትን ምክንያት ማድረግ የሚችለው ሥራው በንግግር መግባባትን የግድ የሚጠይቅ ሲሆንና አነጋገርዎ ያንን ሥራ በእርግጥ የሚያደናቅፍ ሲሆን ብቻ ነው። ለጆሮዬ አልጣመኝም ማለት አይበቃም። ሬዲዮ ይዞ ሾፌር መምራት ንግግር የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ የእነሱም ጠበቃ የሚይዘው ይህንኑ ነው። እኔ ብሆን ግን ማናጀሩን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ያለፉትን አሥር ሳምንታት ሬዲዮውን ይዞ የነበረው ማን ነው?» አነጋገሩ የማይሰማ ሰው ሃምሳ ሌሊት ትሬለር አሰልፎ ካወጣ፣ ያስቸገረው አክሰንቱ አልነበረም ማለት ነው። በእነዚህ ሌሊቶች በመግባባት ጉድለት የተመዘገበ ስህተት ካለ ግን ይወቁት፤ እኔ ሳላውቀው ከወዲያኛው ወገን መምጣት የለበትም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቦታው በድርጅቱ የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ላይ ወጥቶ ነበር? ወጥቶስ ከሆነ አመለከቱ? ቢሮዬ ከሚመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ማናጀሩን ኮሪደር ላይ አግኝተው በትሕትና ይጠይቁና ማመልከት ነውር፣ ራስን ማስቀደም ይመስላቸዋል። የአሜሪካ ፍርድ ቤት በዕድገት ክርክር ላይ መጀመሪያ የሚያየው ማመልከትዎን፣ ለቦታው ብቁ መሆንዎን፣ መከልከልዎን፣ ከዚያም ቦታው ለሌላ መሰጠቱን ወይም ክፍት መቆየቱን ነው። ማመልከቻ ከሌለ ብዙ ጊዜ ነገሩ ከመጀመሩ ይሞታል። ስለዚህ ማስታወቂያው ካለ ዛሬ ያመልክቱ፤ አንድ ዓመት ይላል ብለው አይተዉት። ሲስተሙ «መስፈርቱን አላሟሉም» ብሎ ቢመልስዎ ያንን ገጽ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ማስታወቂያ ካልወጣ ለማናጀሩም ለኤች አርም በኢሜይል ይጻፉ። አጭር ይሁን፤ ከዚህ ቀን ጀምሮ የሱፐርቫይዘሩን ሥራ ይዣለሁ፣ ለቦታው መታሰብ እፈልጋለሁ፣ የአንድ ዓመቱ መስፈርት በሌላ ሺፍት እንደተነሳ ለእኔም ይነሳልኝ፣ ካልሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ንገሩኝ። ስለ አድልዎ፣ ስለ ጠበቃ በዚህኛው ደብዳቤ አያንሱ።

መልሱ እምቢ ከሆነና የአክሰንቱ ነገር ካለበት ኢኢኦሲ ለሚባለው የፌዴራል የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን ማመልከት ይችላሉ። ባልቲሞር ቢሮ አለው። ሜሪላንድ ውስጥ ያለዎት ጊዜ ከተከለከሉበት ቀን አንሥቶ 300 ቀን ነው። አክሰንቱን ያነሳበትን ቀን፣ ማን አጠገባችሁ እንደነበረና ቃል በቃል ምን እንዳለ ዛሬውኑ ይጻፉት። በአማርኛም ቢሆን ይጻፉት፤ ቀኑ ይኑርበት።

የእርስዎ ጉዳይ ጠንካራው ጎን ግን እስካሁን ያልነካሁት ነው። 20 ደቂቃውና 15 ደቂቃው።

በሌሊት 35 ደቂቃ፣ በሳምንት 175 ደቂቃ፣ በ18 ዶላር ሲሰላ 52 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። በአሥር ሳምንት 525 ዶላር። ማናጀሩ ያዘዘው ስብሰባና ማናጀሩ የሚጠብቀው ሪፖርት ሥራ ነው፤ መኪና ውስጥ ሆነው ቢጽፉትም ሥራ ነው። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ሮጠው ወደ ፌዴራል ሕግ ይሄዳሉ፤ እርስዎን እዚያ ብዙም አይረዳዎትም። የፌዴራሉ ሕግ የሚጠብቀው ሁለት ነገር ነው፤ በሰዓት ከ7 ዶላር ከ25 ሳንቲም በታች እንዳይከፈልዎና ከ40 ሰዓት በላይ ሲሠሩ ኦቨርታይም እንዲያገኙ። የእርስዎ 432 ዶላር ያልተከፈለውን ጨምሮ ለ27 ሰዓት ገደማ ቢካፈል በሰዓት ወደ 16 ዶላር ይመጣል፤ የሜሪላንድን ዝቅተኛ ክፍያ 15 ዶላርንም ያልፋል። 40 ሰዓትም አልሞሉም። በፌዴራል ሕግ ዓይን የጎደለ ነገር የለም ማለት ነው።

መንገዱ የሜሪላንድ የደመወዝ አከፋፈልና አሰባሰብ ሕግ ነው። ይህ ሕግ የሚለው ቀላል ነው፤ ለሠራ ሰው የተነገረውን ክፍያ በጊዜው ክፈል። አሠሪው ክፍያውን የያዘው በቅን ልቦና በሚያከራክር ነገር ካልሆነ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት እጥፍ ሊፈርድ ይችላል፤ በእርስዎ ሒሳብ እስከ 1,575 ዶላር፣ የጠበቃ ወጪም ሊጨመር ይችላል። ክስ ለማቅረብ ሦስት ዓመት አለዎት። ገንዘቡ ከ5,000 ዶላር የማይበልጥ ስለሆነ ያለ ጠበቃ በዲስትሪክት ኮርት የትናንሽ ክሶች ችሎት ማቅረብ፣ ወይም ለስቴቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማስገባት ይችላሉ።

ስቴቱ ከፌዴራሉ የሚለይበትን በሁለት ፍርዶች ላሳይዎ። በ2014 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኔቫዳ ውስጥ የአማዞንን ዕቃ የሚያዘጋጁ የዌርሃውስ ሠራተኞች ከሺፍት በኋላ በፍተሻ ሰልፍ ለሚጠብቁት ጊዜ፣ እነሱ 25 ደቂቃ ይደርሳል ላሉት፣ ክፍያ አይገባቸውም ብሎ በአንድ ድምፅ ወሰነ። በ2022 ደግሞ የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በናሽናል ሃርበር የካሲኖ ግንባታ ላይ የነበሩ ሠራተኞችን ጉዳይ አየ። መኪናቸውን ሮዝክሮፍት የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ አቁመው አውቶቡስ እንዲጠብቁ ታዝዘው ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2014ቱ ፍርድ ለአሠሪዎች ከለላ የሆነው የፌዴራል ሕግ በሜሪላንድ ሕግ ውስጥ አልገባም፣ እንዲህ ያለው ጊዜም እንደ ሥራ ሰዓት ሊቆጠር ይችላል አለ። የእርስዎ ከሁለቱም ይሻላል፤ እርስዎ ቆመው አልጠበቁም፣ ስብሰባ ተቀምጠው ሥራ ተቀብለዋል።

ማስረጃዎ ኪስዎ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ የዋትስአፕ ሪፖርት ሰዓትና ደቂቃ ታትሞበታል፤ ፔይ ስተብዎ ላይ ክሎክ አውት ያደረጉበት ሰዓት ካለ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ስልክ ከመቀየርዎ በፊት መልእክቶቹን ወደ ራስዎ ኢሜይል ይላኩ። የደንበኞች ስም ወይም የድርጅቱ ምሥጢር ያለበትን ግን አይቅዱ፤ እሱ ለእነሱ ሰበብ ይሆናል። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ከስብሰባው በፊት ክሎክ ኢን ያድርጉ። «ገና ነው» ቢሉዎት «ሰዓቴ ሲጀምር እመጣለሁ» ማለት ይበቃል። ላልተከፈለ ሰዓት ስለጠየቁ ቢቀንሱዎት ወይም ሺፍት ቢያሳጥሩብዎ፣ በቀሉ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው።

የሱፐርቫይዘሩን ሥራ እየሠሩ በጫኝ ሒሳብ የተከፈለዎትስ? እዚህ ላይ የዩኒየኑን ውል ሳላይ አልናገርም። አንዳንድ ውል ከፍ ያለ ደረጃ ሥራ ለሠራ የክፍያ ልዩነት ይሰጣል፣ ሌላው ዝም ይላል። ውሉ ዝም ካለ ልዩነቱን የሚሰጥዎ ጠቅላላ ሕግ የለም። ሾፕ ስቱዋርዳችሁን፣ ማለትም በሥራ ቦታችሁ ያለውን የዩኒየን ተወካይ፣ በዚህ ሳምንት ያነጋግሩ፤ በብዙ ውሎች ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው።

ጓደኞችዎ እየሳቁ የነገሩዎትም ቀልድ ብቻ አይደለም። ከ1947 ጀምሮ የፌዴራሉ የሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ሱፐርቫይዘርን «ሠራተኛ» ከሚለው ትርጉም አውጥቶታል። መቅጠር፣ ማባረር፣ መቅጣት፣ መመደብ፣ መሸለም እያለ 12 ሥልጣኖች ይዘረዝራል፤ ለአሠሪው ጥቅም በራሱ ውሳኔ ከእነዚህ አንዱን የሚሠራ ሰው ሱፐርቫይዘር ነው። ዛሬ ዩኒየኑ «ያለ በቂ ምክንያት አይባረርም» ብሎ ይከራከርልዎታል። በተሾሙ ማግሥት ያ ጥላ ይነሳል፤ ሜሪላንድ ደግሞ «ኤት ዊል» ነው፣ አሠሪው ምክንያት ሳይሰጥ ማሰናበት ይችላል። በስድስት ወሩ አልተስማማኝም ብለው ቢመለሱ የስምንት ወር ሲኒየሪቲዎ ይመለስልዎታል ወይስ ከዜሮ ይጀምራሉ? ውሉ ላይ አለ፣ ያንብቡት። ብዙ ውሎች ሱፐርቫይዘር ጥቅል እንዳያነሳም ይከለክላሉ። ሰው ሲጎድልና ትሬለሩ ሲሞላ ማናጀሩ «እጅህን አስገባ» ይልዎታል፤ ያስገቡ ዕለት ቅሬታ የሚጽፉብዎት እነዚሁ የሚስቁት ጓደኞችዎ ናቸው።

620 ዶላሩን እንየው። ለ27 ሰዓት ተኩል ሲካፈል በሰዓት 22 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ከ18ቱ ይሻላል። «ደመወዝ ስለሆነ ክሎክ የለም» የሚለው ግን ስህተት ነው። አንድን የሥራ ኃላፊ ከኦቨርታይም ነፃ ለማድረግ ቢያንስ በሳምንት 684 ዶላር ደመወዝ ያስፈልጋል። ፓርት ታይም ነው ተብሎም ይህ ቁጥር አይከፋፈልም። 620 አይሞላውም፤ እንግዲህ ሰዓትዎ መመዝገብ አለበት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የበዓል ጥድፊያ ከ40 ሰዓት ካለፉም ኦቨርታይም ይገባዎታል። በነገራችን ላይ ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሜሪላንድ አሠሪ የውስጥ ማስታወቂያም ቢሆን የደመወዙን መነሻና መድረሻ፣ ጥቅማጥቅሙንም እንዲገልጽ ይገደዳል። 620ው መነሻው ነው ወይስ ጣሪያው? የቀን ሺፍቱ ልጅ ስንት ያገኛል? ዛሬ ተራ ሠራተኛ እያሉ እሱን መጠየቅ መብትዎ ነው።

ሲሾሙ «የሥራ ፈቃድህን እንደገና አምጣ» ካሉዎት ደግሞ ዝም ብለው አይስጡ። በዚያው ድርጅት ውስጥ ዕድገት ማግኘት አዲስ ቅጥር አይደለም፤ ፈቃድዎ ጊዜው ካላለፈ አዲስ የወረቀት ምርመራ አያስፈልገውም።

እንኳን ደስ ያላችሁ ብዬ ባለቤትዎ ጉዳይ ላይ ልድረስ። የፌዴራሉ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ፣ ሥራዎ ተጠብቆ፣ ልጅዎን እንዲያሳድጉ ይፈቅዳል። ድርጅቱ በ75 ማይል ውስጥ 50 ሠራተኛ ካለው፣ እርስዎም 12 ወር ከሞሉና ባለፉት 12 ወራት 1,250 ሰዓት ከሠሩ ነው። ባለቤትዎ ስትወልድ 12 ወሩን ያልፋሉ። ሰዓቱን ያስሉት፤ 24 ሲባዛ በ52፣ 1,248። አንድም ሌሊት ሳይቀሩ ሠርተው በሁለት ሰዓት ይጎድሉ ነበር። እነዚያ ያልተከፈሉ ደቂቃዎች ግን ለዚህ ሕግም የሥራ ሰዓት ናቸው፤ በአሥር ሳምንት 29 ሰዓት ይሆናሉ። ስለዚህ ዋትስአፑን አያጥፉት።